አርባ አንዱ ጓጉንቸሮች

በአገራችን መዝገብ፣ በዚያ ዓመት ገጽ ላይ፣ «የጎተራው አንደኛ ጓጉንቸር ዝጎ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን አልከፈት አለ፤ በኋላ ራሱ ተከፈተ» ተብሎ ተጽፏል። ጓጉንቸሩ አልዛገም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። መዝገብ ጸሐፊውን አልወቅሰውም፤ የእሱ ሥራ የተነገረውን መጻፍ ነው። የሆነውን የሚጽፍ ሰው በአገራችን ገና አልተቀጠረም። ስለዚህ እኔ ሳልቀጠር እጽፋለሁ፤ ባሌን ይርዳውን እንዳልረሳው።

አገራችን ትንሽ ናት። ገንዘብ አታውቅም፤ ሁሉም የሚከፈለው በገብስ ነው። ገበሬው ካመረተው አምስት ቁና አንዱን ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ጎተራው ደግሞ በየወሩ በሠላሳኛው ቀን ለአገሩ አገልጋዮች ድርጓቸውን ይሰፍራል። ከጎተራው በስተኋላ በእንጨት አጥር የተከለለ ክፍል አለ። እዚያ ያለው ዘር ነው። ነቀዝ እንዳይበላው አመድ ይለወሳል። ገበሬው በክረምት መግቢያ ርቦት ዘሩን እንዳይበላ፣ ዘር ሁሉ በአንድ ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ ያሉት የጥንት ሰዎች ናቸው። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት የዘር ቀን ይባላል። ገበሬው ሁሉ መጥቶ ዘሩን ይወስዳል። የጎተራው በር የሚከፈተው በእነዚህ ቀኖች ብቻ ነው፤ በድርጎ ቀንና በዘር ቀን።

ይርዳው የጎተራው ሰፋሪ ነበር። ቁናውን ይዞ ጨለማው ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው። አባቱም ሰፋሪ ነበሩ። አባቱ ሠላሳ ዓመት ከሰፈሩ በኋላ አንድ የድርጎ ቀን አቧራው አፍንጫቸው ገብቶ በባለ ወንበሩ ፊት አስነጠሱ። ባለ ወንበር የምንለው አገሩን የሚገዛውን ነው። በዚያው ዕለት ባዶ እጃቸውን ተባረሩ። ገበያው ዳር ተቀምጠው ሲለምኑ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው አላለፈም።

ማኅበሩ የተወለደው ከዚያ ነው። አሥራ አንድ አገልጋዮች ቤታችን ተሰበሰቡ። ይርዳው ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፤ አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ከወንድሞቼ ጋር ፊደል አስቆጥረውኛል። አንደኛ፣ አገልጋይ በማስነጠስ ከሥራው አይነሳም። ሁለተኛ፣ የተሰፈረለት ድርጎ አይቀነስበትም። ሦስተኛ፣ ሲደክም እቤቱ ተቀምጦ ይበላል፤ ሲሞት ሚስቱ ትበላለች፣ ሥራውንም ትወርሳለች። ሰባተኛ፣ የሌላውን ሥራ የሠራ እንጀራውን እንደነጠቀው ተቆጥሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ዛሬም ሳነባቸው አንዱንም ስሕተት ነው ብዬ ልሰርዝ ብል ብዕሬ አይታዘዘኝም።

ሠላሳ አንደኛው ሕግ ስለ ሐዘን ነው። የይርዳው እናት በሞቱ በሦስተኛው ቀን የድርጎ ቀን ነበርና ከድንኳን ተጠርቶ ሰፈረ። ያን ቀን ድርጎ የወሰዱ ሰዎች ገብሱ እርጥብ ነበር ብለው አማርረዋል። ሕጉን ስንጽፍ ይህን አስታውሶ «ሐዘንተኛ ለሥራ አይጠራም፤ በቦታውም ሌላ አይቆምም» አለ።

«እስከ መቼ ልበል?» አልኩት። «አርባ ቀን?»

«ሐዘን በቁና አይሰፈርም፣ አልጋነሽ። ሐዘንተኛው ራሱ በአደባባይ ‹በቃኝ› እስኪል በይ።»

እንዳለው ጻፍኩት። ማንም አልተከራከረም። ማን ሐዘን ያራዝማል ብሎ ይጠረጥራል?

ማኅበሩ ከአሥራ አንድ ወደ አራት መቶ አደገ። ያደገበትም ምክንያት አለው። በአገራችን ሥርዓት ባለ ወንበሩ በየአምስት ዓመቱ ከነወንበሩ ተነሥቶ አገሩን ይዞራል። ወንበሩ መሬት ሳይነካ ከተመለሰ ሌላ አምስት ዓመት ይገዛል። ወንበሩን የሚሸከሙት ስምንት አገልጋዮች ናቸው፤ ስምንቱም የማኅበሩ አባላት። ስለዚህ በዙሩ ዋዜማ ድርድር ይደረጋል። ለድርድሩ ሦስት ምንጣፍ ይነጠፋል፤ አንዱ ለባለ ወንበሩ፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለገበሬው። ገበሬው በዚያ ወራት እርሻ ላይ ስለሚሆን የእሱ ምንጣፍ እንዳያረጅ ተብሎ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ምንጣፉን የሚጠቀልል አንድ አገልጋይ አለ። የሚዘረጋ ግን የለም።

ከድርድሮቹ አንዱን ይርዳው እንዲህ አድርጎ ነግሮኛል። የማኅበሩ ዳኛ ጎሹ «ጌታችን፣ ድርጎ ይጨመርልን» ይላል። ባለ ወንበሩ «ገብስ የለኝም» ይላል። «እንግዲያስ የነገውን ይስጡን፤ ስንደክም የሚሰፈርልንን።» ባለ ወንበሩ ዓይኑ በራ። «የነገውን ነው? ታዲያ ምነው እስከዛሬ ዝም አላችሁ! እጥፍ አድርጌዋለሁ።» ሁለቱም ተቃቅፈው ተሳሳሙ። በነጋታው ወንበሩ መሬት ሳይነካ ዞረ፤ ስምንቱ ተሸካሚዎችም ዐሥራ ስድስት ሆኑ፤ ስምንቱ እንዲሸከሙ፣ ስምንቱ ለመሸከም እንዲጠብቁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አገሩ አገልጋይ በአገልጋይ ሆነ። ጅብ አዳማጭ የሚባል ነበረን፤ ምሽት ላይ ጅብ ሲጮኽ ሰምቶ ጮኸ ብሎ ያስታውቃል። ጎረቤቴ የታንጉት ባል ቢያድጎ ድልድይ ጠባቂ ነበር። ወንዙ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አቅጣጫውን ቀይሮ በሌላ በኩል ይፈስሳል፤ ቢያድጎ ግን አንድም ቀን ከድልድዩ አልቀረም። ወንዙ ወደሄደበት ድልድይ ይሠራ ቢባል አዲስ ጠባቂ መቅጠር ሊያስፈልግ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ገብስ የለም። ሰው በእግሩ እየተሻገረ በየክረምቱ አንድ ሁለት ሰው ይወሰዳል።

ከሁሉም ግን የጎተራው በር ይብሳል። መጀመሪያ አንድ ጓጉንቸር ነበረው፤ የአንደኛው ቁልፍ የይርዳው ነው። የጎተራ አገልጋይ የሆነ ሁሉ ለክብሩ አንድ ጓጉንቸርና አንድ ቁልፍ ተሰጠው። ሲደክም ድርጎው አይቀነስምና ክብሩም አይቀነስም፤ ቁልፉን ይዞ እቤቱ ይቀመጣል። ለተተኪው አዲስ ጓጉንቸር ይጨመራል። ይርዳው በሞተበት ዓመት አርባ አንድ ደርሰው ነበር። በሩን ለመክፈት ከጥዋት እስከ እኩለ ቀን ይፈጅ ነበር፤ እያንዳንዱ ባለ ቁልፍም ለመጣበት እንቅብ ገብስ ይወስዳል። ብረቱ ስለከበደ በሩ ወደ ፊት አዘነበለ። የጎተራው ግድግዳ ጭቃ ነው።

በጥር የድርጎ ቀን ይርዳው ሲሰፍር ቁናው መሬት ነካ። እቤት መጥቶ ነጠላውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አልቋል» አለ።

«ምኑ?»

«ጎተራው። ከሁለት ድርጎ የሚያልፍ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ከአጥሩ ወዲያ ነው።»

«ሙላት አብሳሪው ባለፈው ሳምንት ሞልቷል ሲል ሰምቼው የለ?» አልኩት። ሙላት አብሳሪ የሚባለው ደጁ ላይ ቆሞ ጎተራው ሞልቷል እያለ የሚያበስር ሰው ነው።

«ጎድሏል የሚል ሥራ የለውማ» አለኝ። «ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ከነኩት ከርሞ የሚሰፈር የለም። ለእነሱም ለማንም።»

ማኅበሩን ጠራ። አራት መቶው ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። ይርዳው የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ቁና አንድ እፍኝ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ይቅር አለ።

«በማን እጅ ነው እፍኙ የሚለካው?» አለ አንዱ። «የርስዎ መዳፍ እንደ እንቅብ ነው!»

ሳቁ።

ቢያድጎ ተነሣ። «ጋሽ ይርዳው፣ አራት ልጅ አለኝ። አምና የባለ ወንበሩ ወንበር ክንዱ በብር ሲለበጥ አይተናል። እፍኝ ከእኔ ልጅ አፍ ከመውጣቱ በፊት ብሩ ይፋቅ።» ተጨበጨበለት። ይርዳውም አጨበጨበ፤ እውነቱን ነበርና።

ዳኛ ጎሹ ቀስ ብሎ ተናገረ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሕግ ሲጠቀስለት ገለባ እንዳገኘ አህያ ይቆማል፣ ያንን ጨርሶ ካላኘከ አይራመድም። «ድርጎ አይቀነስም የሚለውን ሁለተኛውን ሕግ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የገዛ ሕግዎን ሊያፈርሱ ነው?»

«ሕጉን ያወጣሁት ገብስ አለ ብዬ ነው።»

«ሕጉ ላይ ‹ገብስ ካለ› የሚል ተጽፏል?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አልጻፍኩትም ነበር።

የማኅበሩን መሥራች ማባረር አይቻልም፤ ስለዚህ አመሰገኑት። አንድ በርኖስ ሸለሙት። «የእፍኝ አማካሪ» የሚል ሹመትም ሰጡት፤ ስለ እፍኝ ጉዳይ ሲጠየቅ የሚያማክር። ለሹመቱም በወር ሁለት ቁና ገብስ ጨመሩለት። ይርዳው በርኖሱን ተቀበለ፤ ብርድ ነበር። ቁናውን አልወሰደም። ያልወሰደውም «ተሰፍሯል» ተብሎ ተመዘገበ፤ የት እንደሄደ የሚጠይቅ ሰው አልተቀጠረም።

ሰፋሪ የሚገድለው ሳል ነው። አርባ ዓመት የገብስ አቧራ የተነፈሰ ደረት መጨረሻው ይታወቃል። በመጋቢት አልጋ ያዘ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀና አድርጌ ሾርባ ሳጠጣው «አልጋነሽ፣ አንድ ስሕተት ሠርተናል» አለኝ።

«የቱን?»

«ድርጎ አይቀነስም ብለን ጻፍን። ጎተራ አይራቆትም ብለን መጻፍ ረሳን።»

«አሁን ልጻፈው?»

«ቀለም አለሽ?»

«ቀለምስ አለኝ።»

«ጉባኤ የለሽም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሾርባው በርኖሱ ላይ ፈሰሰ። ያ የመጨረሻ ሳቁ ነው። በሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ሞተ።

ቀብሩ ያማረ ነበር። አራት መቶውም መጡ። በሕጉ መሠረት ለመሥራች ሦስት ጊዜ ይለቀሳል፤ ሦስት ጊዜ ተለቀሰ። ዳኛ ጎሹ ከልቡ አለቀሰ። ይህን የምጽፈው ስላየሁት ነው። ከቀብር መልስ ቁልፉን በጥቁር ክር አስረው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ቁናውንም በራፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እንግዲህ ሰፋሪዋ እኔ ነበርኩ።

በሠላሳው ጥዋት ጎሹ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

«እግዜር ያጽናዎ፣ እትዬ አልጋነሽ። ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ዛሬ ቀኑ ሠላሳ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አርባዎቹ ባለ ቁልፎች ቆመዋል። የቀረው የርስዎ ነው።»

በሩ ቢከፈት ገብቼ የምሰፍረው እኔ ነኝ። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን፣ አመድ የለበሰውን። እምቢ ብል ከሥራዬ የምነሣ አልነበርኩም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ግን እምቢ ማለት የሚባል ሥርዓትም በአገራችን የለም። ስለዚህ ያለውን ጠቀስኩ።

«ሠላሳ አንደኛውን ያንብቡልኝ።»

ጎሹ ቆመ። ከሁለቱ አንዱ ብራናውን ከኮሮጆው አውጥቶ አነበበ። «ሐዘንተኛ ለሥራ አይጠራም። በቦታውም ሌላ አይቆምም። ሐዘኑ የሚያበቃው በአደባባይ ‹በቃኝ› ሲል ነው።»

ጎሹ ለረጅም ጊዜ አኘከው። «መቼ ይላሉ ታዲያ?»

«ሲበቃኝ።»

«ሕጉን ያውቁታል ለካ።»

«የእጅ ጽሑፉን አላወቁትም?» አልኩት።

ዋርካው ሥር ጉባኤ ተቀመጡ። ጓጉንቸር ሰባሪው ተጠራ። ባለቤት የሌለው ጓጉንቸር መስበር ሥራው ነው። «ባለቤት አለው?» አለ። አላት አሉት። «እንግዲያስ ሰባተኛ ሕግ፤ አልነካውም» ብሎ ሄደ። አንዱ «ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው» አለ። ግድግዳ አፍራሽ አለን ወይ ተባለ፤ የለም። ይቀጠር ተባለ። «በምን ድርጎ?» ሲባል ግን ጉባኤው ተበተነ። ሙላት አብሳሪው እዚያው ቆሞ ሞልቷል ይል ነበር።

በምትኩ እኔን ማጽናናት ተጀመረ። ሦስት አጽናኞች ተሾሙልኝ፤ ድርጎአቸው በሩ ሲከፈት ሊታሰብላቸው። አንደኛው «ሁሉም ሟች ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «እውነት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው የሁለቱን ቃል ተራ ይጠብቃል። ቀጥሎ እንባ መርማሪ መጣ። ጉንጬን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና «ጨው አለው» ብሎ መሰከረልኝ። ምስክርነቱ ትክክል ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ታንጉት መጣች። አጽናኞቹ ለምሳ ሄደው ነበር፤ ወዴት እንደሚሄዱ እንጃ፣ ምሳ የሚባል ነገር ካለቀ ቆይቷል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምታዝኚው እውነትሽን ነው ወይስ በሩን ለመዝጋት?»

«ሁለቱንም ነው።»

ቁጭ አለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ነገርኳት።

«ልጆቼ አመድም ይበሉ ነበር» አለች።

«ከርሞስ?»

«ከርሞ ሩቅ ነው፣ እትዬ። ማታ ነው የሚቀርበው።»

ተነሥቼ ከእንስራው ሥር የቀረኝን ግማሽ ቁና ጠርጌ ነጠላዋ ላይ ገለበጥኩላት። አየችው፤ አየችኝ። «አንቺስ?» አለች። ሐዘንተኛ ምግብ አይወርድለትም አልኳት። አሁን ተራዬ ደርሷልና ልናገረው፤ እርቦኝ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የታንጉት ትንሽ ልጅ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጅብ አዳማጩም ሰምቶት አንድ ምሽት ጅብ ጮኸ ብሎ አስታውቋል።

ታንጉት በመጣች በሦስተኛው ቀን ገበሬው አያ ሙጬ ባቄላ በጆንያ ተሸክመው ደጄ መጡ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ እጃቸው እንደ አካፋ ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ድልድይ ጠባቂው ማሳዬ ውስጥ ድንጋይ ሲለቅም አገኘሁት። ምን ትሠራለህ ስለው፣ አልሠራም፣ ድንጋዩን ወደ ዳር እየሸኘሁ እጠብቀዋለሁ አለኝ። ሰባተኛውን ሕግ ፈርቶ ነው። የጠበቀውን ያህል ባቄላ ሰፈርኩለት። በማግስቱ ዐሥራ ስድስቱ ወንበር ተሸካሚዎች ድንጋይ ሊጠብቁ መጡ።»

«ለእናንተስ ይበቃል?»

«መች ይበቃል። ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ አዋጥተን ነው። እኛን ማንም ጠርቶን አያውቅም እንጂ፣ ምንጣፉን ቢዘረጉልን እፍኝ ነው የምንለው እኛም።» ጆንያውን አወረዱ። «ይርዳው የጠየቀው ይኼንኑ አልነበር?»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እንባ መርማሪው አልነበረም፤ ሳይመዘገብ ቀረ።

በአርባኛው ቀን ጎሹ አዲስ ነጭ ነጠላ አጥፎ ይዞልኝ መጣ። «አርባው ወጣ፣ እትዬ» አለ።

«ሕጉ አርባ አይልም።»

«አይልም» አለ፤ የደከመው ድምፅ ነበር። እሱም ከስቷል። «ነጠላውን ግን ያዙት።»

በሳምንቱ ባለ ወንበሩ ራሱ ተነሣ። ተሸካሚዎቹ ዳገቱ መሃል ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወንበሩ መሬት ነካ። በመዝገባችን ላይ «በዚያ ዕለት መሬቱ ከፍ ብሎ ወንበሩን ነካ» ተብሎ ሰፍሯል። የቀረውን መንገድ በእግሩ መጣ። በእግሩ ሲሄድ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እንደማንኛውም ሰው ነው የሚሄደው።

«ስንት ቁና ብሰጥሽ ሐዘንሽ ይቀልልሻል?» አለኝ።

«የዛሬ ነው የነገ?»

«የነገ።»

«እንግዲያስ ነገ ይምጡ» አልኩት። ሄደ።

ግንቦት ሠላሳ ሁለተኛው የድርጎ ቀን አለፈ። በሰኔ ስምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቆጣ፤ ማታውን ሁሉ ዘነበ። በነጋታው ጥዋት ደጃፌን ስከፍት ገበሬዎቹ ባዶ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። አያ ሙጬ «መሬቱ ጠግቧል፣ ልጄ» አሉ።

የዘር ቀን ነው። የድርጎ ቀን ገና ሃያ አንድ ቀን ይቀረዋል፤ በዘር ቀን ድርጎ አይሰፈርም፣ ይህ ከማኅበሩም ሕግ የሚቀድም የጥንት ሥርዓት ነው። እስከዚያች ጥዋት ድረስ ሕጉና እኔ በአንድ መንገድ ስንሄድ ነበር። አዝናለሁ ብያለሁ፤ አዝን ነበር። አሁን ግን በሩ እንዲከፈት የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ያም ቃል በውስጤ የለም። ፈለግሁት። ኀምሳ ሰባት ቀን ብቻ ነው የሆነው። በርኖሱ ላይ የፈሰሰው ሾርባ እንኳ ገና አልታጠበም።

የጎሹን ነጭ ነጠላ ለበስኩ። ቁናውን ይዤ ወደ ዋርካው ሄድኩ። አራት መቶው ወጥተው ነበር፤ በሕጉ ሦስት ምስክር ይበቃ ነበር። ታንጉት ትንሹን ልጇን አዝላ ከፊት ቆማለች።

«በቃኝ» አልኩ።

«አልተሰማም» አለ ከኋላ አንዱ።

«በቃኝ!»

ጎሹ አንገቱን ደፋ። መዝገብ ጸሐፊው ጻፈ።

አርባ አንዱን ጓጉንቸር ስንከፍት እኩለ ቀን ሆነ። ሁለት ባለ ቁልፎች አልጋ ላይ ሆነው በሸክም መጡ። በሩ ሲከፈት ጎሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ፤ የገዛ እግሩን ኮቴ ሰማ፣ ቆመ፣ ዞሮ አየ። ወለሉ የተጠረገ ያህል ባዶ ነበር። ሙላት አብሳሪው ከኋላው ገብቶ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከአጥሩ ወዲያ ግን ገብሱ አመዱን ለብሶ እስከ ጣራው ተከምሮ ነበር።

«ይኼንን ነበር የምንበላው?» አለኝ ጎሹ በቀስታ።

«በሚያዝያ ሠላሳ።»

ቁናውን አነሣሁና ሰፈርኩ። ገበሬዎቹ ስልቻቸውን ዘረጉ፤ አገልጋዮቹ ዳር ቆመው አዩ። ምራቁን የማይውጥ ሰው አላየሁም። ማንም እጁን አልሰደደም። ቢያድጎ የአያ ሙጬን ስልቻ ተሸክሞ ወጣ፤ እየጠበቅኩት ነው አለ። እስከ ማሳው ድረስ ጠበቀው።

መኸሩ ጥሩ ሆነ። በኅዳር ድርጎ ተሰፈረ፣ ያለፈውም ተካሰ። ማኅበሩም ጉባኤ ተቀምጦ በአገሩ ላይ የደረሰውን መርምሮ ወሰነ። ጓጉንቸሩ ዝጎ እንደነበር በመዝገብ እንዲሰፍር ተባለ፤ የማኅበር ሕግ የማኅበርን ድርጎ አስቀረ ብሎ ከመጻፍ ይሻላል። ዳግመኛ እንዳይዝግ ዝገት ጠባቂ ተቀጠረ። ለእሱም አርባ ሁለተኛ ጓጉንቸር ተሠራ። ሙላት አብሳሪው ዝም ላለባት ለዚያች አንድ ቀን ድርጎው ሊቆረጥበት ሲል ሁለተኛው ሕግ ተጠቅሶ ተረፈ። የእፍኙ ጉዳይ ወደ ከርሞ ተላለፈ። ሠላሳ አንደኛው ሕግ ተሻሽሎ አርባ ቀን ሆነ። እኔው ጻፍኩት፤ የእጅ ጽሑፉ እንዳይለያይ ብለው።

አንድ ነገር ብቻ ጎሹ ማንም ሳይነግረው፣ ሳይመዘገብም አደረገ። በሚቀጥለው ድርድር ሦስተኛውን ምንጣፍ በገዛ እጁ ዘረጋው። ምንጣፉ የጠቅላዩ ሥራ ነውና ሰባተኛውን ሕግ መጣሱ ነበር። ምንጣፉ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ገበሬው እርሻ ላይ ነው። ግን ተዘርግቶ ነበር።

እኔ ዛሬም እሰፍራለሁ። ሐዘኔ በአደባባይ ስላበቃ ከል መልበስ አይፈቀድልኝም፤ ነጭ ለብሼ ጨለማው ውስጥ እቆማለሁ። ይርዳው የቆመበት ቦታ ወለሉ ጎድጎድ ብሏል፣ እግሬ እዚያው ይገባል። አንዳንዴ ዓይኔ ይሞላል። የሚያዩኝ ሰዎች ሲጠይቁኝ የገብሱ አቧራ ነው እላቸዋለሁ፤ ሰፋሪ ስለሆንኩ ያምኑኛል። በዕድሜዬ በአደባባይ የዋሸሁት አንዴ ነው፤ አራት መቶ ሰው ሰምቶኛል፣ መዝገብም ላይ ሰፍሯል።

አልበቃኝም።